ጎል ከገባ በኋላ ያለችው ደቂቃ
ከአዲስ አበባ እስከ ሳን ሁዋን፦ አንገት ለአንገት በተናነቀ ጨዋታ የአሰልጣኝ ሥራ ምንድን ነው?



ከአገር ቤት የመጣ ቤተሰብ ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ ልጆቹ ኳስ ሜዳውን ያገኙታል። ዕብራይስጡ ሳይገባቸው ከማትናሱ ጀርባ ካሉት ልጆች ጋር መጫወት ይጀምራሉ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆዩም አንዱ ልጅ «አሰልጣኙ ቡድን ውስጥ ሊያስገባኝ ነው» ብሎ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ወላጅ ወረቀቱን ያገላብጣል። ክፍያ አለው፤ የሐኪም ምርመራ ይጠይቃል፤ ልምምዱም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። «ታዲያ ትምህርቱስ? ኳስ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

እኛም ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆናል ያልነውን ከታሪክ ልናቀርብ ወደድን። የምናነሳቸው ጨዋታዎች ሁለት ናቸው። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1962 በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ሁለተኛው የእስራኤል ወጣቶች ቡድን በ2023 አርጀንቲና ውስጥ ከብራዚል ጋር ያደረገው ግጥሚያ ነው። በመካከላቸው 61 ዓመት አለ። አገሩም፣ ተጫዋቹም፣ የጨዋታው ስልትም የተለያየ ነው። ሆኖም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ በሁለቱም ያሸነፈው ቡድን ልብ በሚሰብር ሰዓት ጎል ገብቶበት ነበር፤ ልቡ ግን አልተሰበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ጊዜ 4 ለ 0

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 በካርቱም ተደረገ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም የተመሠረተው በዚያው ወቅት ነው። መሥራቾቹ አራት አገሮች ማለትም ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ሕጓ ምክንያት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ኢትዮጵያ የምትገጥመው ከእርሷ ጋር ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር።

በ1959 ውድድሩ በካይሮ ሲደረግ ሦስቱ አገሮች እንደገና ተገናኙ። ግብፅ አሁንም ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። ሱዳንም 1 ለ 0 አሸነፈቻት። እንግዲህ በሁለት ዋንጫ የኢትዮጵያ ቡድን አንዲት ጎል እንኳ ሳያገባ ወጣ ማለት ነው። ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ልጆች ሁለት ጊዜ ከተሸነፉ በኋላ ጫማቸውን አውልቀው «ከእንግዲህ አልሄድም» ይላሉና ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.

ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ያዘጋጀችው ኢትዮጵያ ነበረች። የተካፈሉት አራት አገሮች ሲሆኑ እነርሱም ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ ናቸው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅም ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። የፍጻሜው ቀን እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር፤ በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ቦታው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኝተዋል።

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አብዱልፈታህ ጎል አገባ። ኢትዮጵያ 1 ለ 0 እየተመራች ለእረፍት ወጣች። ከእረፍት መልስም ደቂቃው እየነጎደ ሄደ። በ74ኛው ደቂቃ ግን ተክሌ ኪዳኔ አገባና አንድ እኩል ሆነ። ሕዝቡ ደስታውን ሳይጨርስ፣ በ75ኛው ደቂቃ፣ ያው በደዊ ሁለተኛውን አገባ።

እስቲ ይህችን አንዲት ደቂቃ ልብ እንበል። ቡድኑ ከሰባ ደቂቃ በላይ ለፍቶ ያገኘውን በአንድ ደቂቃ አጣው። የቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ተቃራኒው ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደ፣ ሁለት ጊዜ አራት አራት ያገባባቸው ቡድን ነው። እዚህ ላይ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ ቢወቃቀሱ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ላይ ወደ ፊት ቢሮጡና ኋላቸውን ባዶ ቢተዉ፣ ሦስተኛው ጎል ይከተል ነበር። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ሰዓት ነው።

እነርሱ ግን ጨዋታቸውን ቀጠሉ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አገባና ሁለት እኩል ሆነ። መደበኛው 90 ደቂቃ በዚሁ አለቀ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ የሉቻኖ ታናሽ ወንድም ኢታሎ ቫሳሎ በ101ኛው፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አገቡ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሉቻኖም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አንድ ሌላ ነገርም እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ደጋውን የለመደ ሳንባ ይጠቅማል። ስለዚህ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ ሳይደናገጡ መቆየት በራሱ ስልት ነበር። ትዕግሥት ያለው ቡድን ሰዓቱ ለእርሱ ይሠራለታል።

አቶ ይድነቃቸውና ልጆቻቸው

የዚያን ቡድን አሰልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1921 ጅማ የተወለዱ ሲሆን አባታቸው ታዋቂው ባለ ቅኔ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንና ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል። በ1957 የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። ደቡብ አፍሪካ የዘር መለያየት ሕጓን እስክትተው ድረስ ወደ አፍሪካ ሜዳ እንዳትመለስ አጥብቀው የታገሉ ሰው ነበሩ።

በዚያ ዘመን አሰልጣኝ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ በእጁ የነበረው መሣሪያ ጥቂት ነበር። ተጫዋች መቀየር በዓለም ዋንጫ እንኳ የተፈቀደው በ1970 ነው። ለአሰልጣኝ የሚቀርለት ከጨዋታው በፊት ያስተማረው፣ በእረፍት ሰዓት የሚናገራት ጥቂት ቃል፣ በሜዳውም ውስጥ እርሱን ሆኖ የሚናገርለት አምበል ነበር። እንግዲህ በ75ኛው ደቂቃ ቡድኑን ያቆመው በዚያች ደቂቃ የተጮኸ ጩኸት ሳይሆን ቀደም ብሎ የተሠራ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው።

አምበሉም ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ሉቻኖና ኢታሎ በአስመራ ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። ቅይጥ በመሆናቸው ከወዲያም ከወዲህም «የእኛ አይደላችሁም» መባልን የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። በቡድኑ ውስጥ የአስመራ ልጆች፣ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ክርስቲያንና እስላም አብረው ነበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ አንድ ልብ ባይሆን ኖሮ ያ ሩብ ሰዓት ባልታለፈ ነበር። ሉቻኖ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣልያን ተሰዶ ኖረ፤ በ2022 በ87 ዓመቱ አረፈ። ስደትንና አዲስ አገርን እርሱም በበኩሉ አይቶታል።

የእስራኤል ወጣቶች

አሁን ወደዚህ አገር እንምጣ። በ2022 ከ19 ዓመት በታች የሆኑት የእስራኤል ወጣቶች በስሎቫኪያ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮና ለፍጻሜ ደረሱ። አሰልጣኛቸው ኦፊር ሃይም ነበር። ከእንግሊዝ ጋር ገጥመው በመጀመሪያ አጋማሽ 1 ለ 0 ሲመሩ ቆዩ። ከእረፍት በኋላ እንግሊዝ አንድ እኩል አደረገች። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄደ፤ እዚያም ሁለት ጎል ገብቶባቸው 3 ለ 1 ተሸነፉ። በተጨማሪ ሰዓት የሚመጣን ሽንፈት የቀመሰ ያውቀዋል፤ እግር ሲዝል ልብም አብሮ ይዝላል።

በቀጣዩ ዓመት እነዚሁ ወጣቶች በዚያው አሰልጣኝ እየተመሩ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ገቡ። ለእስራኤል የመጀመሪያዋ ነበር። ውድድሩ በኢንዶኔዥያ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ በዚያ የእስራኤልን ቡድን አንቀበልም የሚል ተቃውሞ በመነሣቱ ፊፋ አዘጋጅነቱን ከኢንዶኔዥያ ነጥቆ ለአርጀንቲና ሰጠ።

አጀማመራቸው ደካማ ነበር። በኮሎምቢያ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ ከሴኔጋል ጋር 1 ለ 1 ተለያዩ። በሦስተኛው ጨዋታ ጃፓን 1 ለ 0 ስትመራቸው በዚያ ላይ አንድ ልጅ በቀይ ካርድ ወጣባቸው። ከምድቡ ለመውደቅ ምንም አልቀራቸውም። አሥር ሆነው ግን ሮይ ናቪ በ76ኛው ደቂቃ አንድ እኩል አደረገ፤ በ90 ደቂቃው ላይ በተጨመረው ሰዓትም ኦመር ሴንዮር አሸናፊዋን አገባ። ቀጥሎ ኡዝቤኪስታንን የረቱት አናን ኻላይሊ ባከነ ሰዓት በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ባገባት አንዲት ጎል ነበር።

ጁን 3 ቀን 2023 ሳን ሁዋን በተባለችው ከተማ ብራዚል ቀረበች። ብራዚል ይህን ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደች አገር ናት። በ56ኛው ደቂቃ ማርኮስ ሌዎናርዶ አገባባቸው። በ60ኛው ደቂቃ ኻላይሊ መለሰ። 90 ደቂቃው አንድ እኩል አለቀ። ተጨማሪው ሰዓት እንደተጀመረ፣ በ91ኛው ደቂቃ፣ ብራዚል ሁለተኛውን አገባች። ባለፈው ዓመት በእንግሊዝ ፊት የወደቁት በተጨማሪ ሰዓት ነበር፤ አሁንም ያው ሊደገም ይመስላል።

ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ፣ በ93ኛው፣ ሐምዛ ሺብሊ አገባ። የመጀመሪያው ተጨማሪ 15 ደቂቃ ሊያበቃ ሲል ዶር ቱርጀማን ሦስተኛውን አከለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት ጠብቀው 3 ለ 2 አሸነፉ። በግማሽ ፍጻሜው ዑራጓይ 1 ለ 0 ብትረታቸውም፣ ደቡብ ኮሪያን 3 ለ 1 አሸንፈው የዓለም ሦስተኛ ሆኑ። በዚያ ቡድን ውስጥ አይሁዳውያንና ዐረብ ልጆች አብረው ይጫወቱ ነበር፤ በብራዚል ላይ ሦስቱን ጎል ያገቡትም ከሁለቱም ወገን ናቸው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት እነዚህ ልጆች አላወቁትም።

በዚያች ደቂቃ አሰልጣኝ ምን ይሠራል?

ከሁለቱም ታሪክ የምንረዳው የተናነቀ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ጎል ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች መሆኑን ነው። ያገባ ቡድን በደስታ ይዘናጋል፤ የገባበት በንዴት ቦታውን ይለቃል። ይህ በትልልቆቹ ከደረሰ በአሥር ዓመት ልጆች ላይማ ምን ይደንቃል? የሰፈር የልጆች አሰልጣኝም ሥራው በመሠረቱ ያው ነው።

አንደኛ፣ ጎል ቢገባብን ምን እናደርጋለን የሚለው በልምምድ ጊዜ አስቀድሞ ይነገራል። ኳሱን ከመረቡ ማን ያወጣል? ማን ይናገራል? ሌላው ወደየት ይመለሳል? ልጅ የሚያደርገውን ካወቀ ለማልቀስ ጊዜ አይኖረውም።

ሁለተኛ፣ ቃል ይቀንሳል። የደነገጠ ልጅ አሥር ትእዛዝ አይሰማም። «ቦታችሁን ያዙ፣ አጭር አጭር ተቀባበሉ» የሚለው ይበቃል። እዚህ አገር በሜዳ የምትሰሟቸው «ለአት ለአት» (ቀስ በሉ)፣ «ታሕዞር» (ተመለስ)፣ «ካዲማ» (ወደ ፊት) የሚሉት ቃላት አጫጭር የሆኑት ለዚሁ ነው። ልጆቻችን በኡልፓን ሳይሆን በሜዳ የተማሩት ዕብራይስጥ ቀላል አይደለም።

ሦስተኛ፣ በረኛው በጓደኞቹ ፊት አይወቀስም። ጎሉ በእርሱ በኩል ገባ እንጂ ከእርሱ በፊት አሥር ልጆች አልፎ የመጣ ነው። ስሕተቱ በሚቀጥለው ልምምድ ለብቻው ይነገረዋል።

አራተኛ፣ ልጅን መቀየር ቅጣት እንዳይመስል ይደረጋል። የተሳሳተ ልጅ ወዲያው ተጎትቶ ከወጣ፣ ሌሎቹ ኳስ ከመንካት ይፈራሉ። የፈራ ቡድን ደግሞ የተናነቀ ጨዋታ አይችልም። በታናናሾቹ ዕድሜ ሁሉም ልጅ ተራው ደርሶት እንዲጫወት ማድረግ ከአንድ ድል ይበልጣል፤ ዛሬ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን እንደሚሆን አይታወቅምና።

አምስተኛ፣ ቡድኑ ሲመራም ጨዋታውን አይተውም። በሳን ሁዋን የመጨረሻው ሩብ ሰዓት የተጠበቀው በመሸሽ ብቻ ሳይሆን ሁሉም የየራሱን ቦታ በመጠበቁ ነው።

እኛና ልጆቻችን

ከእኛ ማኅበረሰብም በዚህ መንገድ ሩቅ የደረሱ አሉ። ኢትዮጵያ የተወለደው ባሩክ ደጎ ለማካቢ ቴል አቪቭ በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫውቷል። ኤሊ ዳሳ የእስራኤልን ብሔራዊ ቡድን በአምበልነት መርቷል። መሳይ ደጎ ደግሞ በ2023 የማካቢ ሃይፋ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ቡድኑን በአውሮፓ ውድድር መርቷል። ሆኖም እነዚህን የጠቀስነው ልጆቻችሁ ሁሉ እንደ እነርሱ ይሆናሉ ለማለት አይደለም። ከመቶ ልጆች ዘጠና ዘጠኙ ኳስን እንጀራ አያደርጉትም። «ታዲያ ለምን ይሂድ?» ለሚለው ወላጅ መልሳችን፣ ያችን ደቂቃ እንዲማር ነው የሚል ነው። ፈተና የወደቀ ተማሪ፣ በሠራዊት የፈለገው ክፍል ያልተቀበለው ወጣት፣ «ተመለሱና ሌላ ቀን ኑ» የተባለ አባት፣ ሁሉም 75ኛው ደቂቃ ላይ የቆሙ ናቸው። ልጅ ይህን ነገር ከምክር ብቻ አይማረውም፤ ደርሶበት፣ ጓደኛ አጠገቡ ኖሮ፣ ካለፈው ይማረዋል።

ስለዚህ ለወላጆች ጥቂት ነገር እናሳስባለን።

ልጁ ከመመዝገቡ በፊት ጨዋታው በየትኛው ቀን እንደሚደረግ ጠይቁ። ብዙ የወጣቶች ጨዋታ በሰንበት ይደረጋል። ሰንበትን የሚያከብር ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ካወቀ ዓርብ ወይም በሥራ ቀን የሚጫወት ቡድን ሊፈልግ ይችላል፤ ዘግይቶ ካወቀ ግን ክርክሩ ከልጁ ጋር ይሆናል። ክፍያው ከከበደም በአፍረት ዝም አትበሉ፤ ቅናሽ ወይም እርዳታ እንዳለ በማትናሱና በክበቡ ጠይቁ።

ዕብራይስጡ አልገባኝም ብላችሁ ከሜዳ አትቅሩ። ኳስ አስተርጓሚ አይፈልግም። ልጅ አባቱን ወይም እናቱን ከአጥሩ ዳር ሲያይ ጉልበት ያገኛል። ነገር ግን ከዳር ሆናችሁ ትእዛዝ አትስጡ። አሰልጣኙ በዕብራይስጥ «ታሕዞር» ሲለው አባቱ በአማርኛ «ሂድ! ምታ!» ቢለው ልጁ የማንን ይስማ? ማጨብጨብ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው።

ቤት ሲገባም «ስንት ለስንት?» ከማለታችሁ በፊት «ጎል ሲገባባችሁ ምን አደረጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቦታውን ይዞ ከቆየ፣ ጓደኛውን ካልወቀሰ፣ ኳሱን አንሥቶ ወደ መሐል ከሮጠ፣ ቡድኑ ቢሸነፍም ራቱን በደስታ ይብላ።

የኢትዮጵያ ቡድን 4 ለ 2 ከማሸነፉ በፊት ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ተሸንፏል። የእስራኤል ወጣቶችም ብራዚልን ከመርታታቸው በፊት በእንግሊዝ ተረትተዋል። ልጆቻችሁ ሲሸነፉ ይህን ንገሯቸው። በሚቀጥለው ሳምንትም ልምምዱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቃችሁ ላኳቸው።